ስለ መጥለቅ፦ ስፖርትነቱና ከውኃ በታች ያለውን ለማወቅ የሚሰጠው ጥቅም

(በትምህርት ቤታችን የመታሰቢያ በዓል ላይ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



 የመረጥነው ርእስ «መጥለቅ» ነው። ይህን መምረጣችንን የሰሙ አንዳንድ ጓደኞቻችን ሥቀውብናል። «የሲሪንቃ ልጅ ስለ መጥለቅ ምን ያውቃል? ባሕሩ የት አለና ነው?» ብለውናል። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ ንግግራችንን ከዚሁ እንጀምራለን።

እንደሚታወቀው ሲሪንቃ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ የሐብሩ ወረዳ ቀበሌ ናት። ባሕር የላትም፤ አገራችን ኢትዮጵያም ዛሬ የባሕር ጠረፍ የላትም። ነገር ግን ውኃ አለን። በስተምዕራብ ካሉት ተራሮች እየወረዱ ወደ አፋር ቆላ የሚፈሱ ወንዞች አሉን፤ ወደ ደቡብ፣ ወደ ደሴ መንገድ ብንሄድ ደግሞ ስሙ ራሱ «ሐይቅ» የሆነ ጥልቅ ውኃ አለን። አባቶቻችን «የዓባይ ልጅ ውኃ ጠማው» ይላሉ። እኛም በውኃ አጠገብ ተወልደን ውኃን ሳናውቅ እናድጋለን። በየክረምቱ ውኃ የሰው ልጅ ወሰደ የሚል ወሬ የማይሰማበት ዓመት የለም። እንግዲህ ስለ ውኃ ማወቅ የሚገባው ባሕር ላለው ብቻ ነው ወይስ ወንዝ ተሻግሮ ትምህርት ቤት ለሚመጣም ጭምር? መልሱን ለእናንተ ትተን ወደ ነገሩ እንግባ።

መጥለቅ ስንል ሁለት ነገር ማለታችን ነው። አንደኛው ከከፍታ ላይ ዘሎ ወደ ውኃ መግባት ሲሆን ይህ ስፖርት ነው። ሁለተኛው ወደ ውኃው ውስጥ ወርዶ በዚያ መቆየት፣ ማየትና መሥራት ነው፤ ይህም ስፖርትም፣ ሙያም፣ የምርምር መንገድም ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም በየተራ እናያለን።

፩. ስለ ስፖርቱ

ከከፍታ ላይ ወደ ውኃ መዝለል በኦሊምፒክ ጨዋታ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1904 በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ ከተማ በተደረገው ውድድር ነው። ሴቶች መወዳደር የጀመሩት በ1912 በስቶክሆልም ነው። ዛሬ ውድድሩ የሚደረገው በሁለት ዓይነት መዝለያ ላይ ነው፤ አንዱ 3 ሜትር ከፍታ ያለውና የሚለጠጥ ሳንቃ ሲሆን ሌላው 10 ሜትር ከፍታ ያለው የማይነቃነቅ መድረክ ነው። ከ10 ሜትር የዘለለ ሰው ውኃው ላይ የሚደርሰው አንድ ሴኮንድ ተኩል በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ነው። በፊዚክስ ትምህርታችን የተማርነውን ቀመር ብንጠቀም፣ ውኃውን በሚነካበት ጊዜ ፍጥነቱ በሴኮንድ 14 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሚሆን እናገኛለን። ይህም በመንገዳችን ላይ የሚያልፈው አውቶቡስ ከሚጓዝበት ፍጥነት ብዙ የማይርቅ ነው። በዚህች አጭር ጊዜ ውስጥ ዘላዩ ሰውነቱን ያጥፋል፣ ይገለባበጣል፣ በመጨረሻም ቀጥ ብሎ ውኃውን ብዙ ሳይረጭ ይገባል። ሰባት ዳኞች ነጥብ ይሰጡታል፤ ከሰባቱ ሁለቱ ከፍተኛና ሁለቱ ዝቅተኛ ነጥቦች ተሰርዘው የቀሩት ሦስቱ ይደመሩና በዝላዩ ክብደት መጠን ይባዛሉ። ስለዚህ በዚህ ስፖርት ድፍረት ብቻውን አያሸንፍም፤ ድፍረትን የሚያሸንፍ ልክ ማወቅ ነው።

በአገራችን ይህን የሚመስል ነገር የለም እንዳይባል፣ ጥር 11 ቀን በጎንደር የሚሆነውን እንጠቅሳለን። በዐፄ ፋሲለደስ ስም የሚጠራው መዋኛ በቀሃ ወንዝ ውኃ ይሞላል፤ ጸሎቱ ደርሶ ውኃው ከተባረከ በኋላ ጎረምሶቹ ከግንቡና ከዛፎቹ ላይ እየዘለሉ ይገቡበታል። የጥምቀት በዓል እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። በዚያ ዕለት የሚዘልሉት ልጆች የሚዘልሉት ለነጥብ አይደለም፤ ለደስታና ለበረከት ነው። ነገር ግን የሚያያቸው ሰው ሁሉ የኢትዮጵያ ልጅ ውኃን በተፈጥሮው ይፈራል ብሎ ለመናገር አይደፍርም።

የሚጐድለን ትምህርቱና ሥፍራው ነው። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም ማራቶንን በባዶ እግሩ ካሸነፈ ወዲህ ዓለም የሚያውቀን በሩጫ ነው፤ ለሩጫ የሚያስፈልገውም ሜዳና ተራራ በየደጃችን አለ። በውኃ ስፖርት ግን ነገሩ ሌላ ነው። በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ ሮቤል ኪሮስ የተባለው የአገራችን ዋናተኛ በ100 ሜትር ነጻ ዋና ተወዳድሮ ከሁሉ በኋላ በ1 ደቂቃ ከ4.95 ሴኮንድ በገባ ጊዜ ብዙ የውጭ ጋዜጦች ሣቁበት። እኛ ግን ሌላ ነገር እንጠይቃለን። ከመቶ ሚሊዮን ከማያንስ ሕዝብ መካከል ዋና የሚማርበት ገንዳ ያገኘ ልጅ ስንት ነው? የሚያሥቀው የመጨረሻ መሆን አይደለም፤ የሚያሳዝነው ለመጀመር እንኳ ዕድል አለማግኘት ነው።

፪. ሰው ከውኃ በታች ሲወርድ ምን ይገጥመዋል?

አሁን ወደ ሁለተኛው ዓይነት መጥለቅ እንለፍ። ውኃ ከአየር ይልቅ እጅግ ከባድ ነው። ስለዚህ ወደ ባሕር 10 ሜትር በወረድን ቁጥር በላያችን የሚጫነው ግፊት በአንድ ከባቢ አየር ይጨምራል። ባሕር ላይ አንድ የነበረው በ10 ሜትር ሁለት፣ በ20 ሜትር ሦስት፣ በ30 ሜትር አራት ይሆናል። ግፊቱ ሲጨምር አየር ይጠባል። ከላይ ተነፍቶ የተወሰደ ፊኛ 10 ሜትር ላይ ሲደርስ ግማሽ ይሆናል፤ ሲመለስ ደግሞ እንደ ቀድሞው ይሰፋል።

ይህን ያላመነ ሰው ቢኖር በቀላሉ ሊፈትነው ይችላል። እኛ በክፍላችን የሠራነውን እንንገራችሁ። አንድ የፕላስቲክ የውኃ ጠርሙስ እስከ አፉ ይሞላል። የእስክሪብቶ ክዳን ጫፉ ላይ ጥቂት ጭቃ ወይም ማስቲካ ተለጥፎ፣ በውስጡ አየር እንዳለ በጭንቅ እንዲንሳፈፍ ተደርጎ ይጨመራል፤ ክዳኑ ቀዳዳ ያለበት ከሆነ ቀዳዳው ይደፈናል። ከዚያም ጠርሙሱ በደንብ ይከደናል። ጠርሙሱን በእጅ ጨመቅ ሲያደርጉት የእስክሪብቶው ክዳን ይሰጥማል፤ ሲለቁት ይወጣል። ምክንያቱም ሲጨመቅ በውስጡ ያለው አየር ጠብቦ ውኃ ስለሚገባበት ይከብዳል፤ ሲለቀቅ አየሩ ሰፍቶ ውኃውን ስለሚያስወጣው ይቀላል። ይህ ትንሽ ክዳን ጠላቂን የሚያስተምር መምህር ነው።

ከዚህ የተነሣ በጠላቂዎች ዘንድ የመጀመሪያው ሕግ «ከታንክ አየር እየተነፈስህ ሳለ ትንፋሽህን አትያዝ» የሚል ነው። በ10 ሜትር ጥልቀት ሳንባውን በአየር ሞልቶ ትንፋሹን ይዞ ወደ ላይ የሚወጣ ሰው፣ አየሩ በእጥፍ ሲሰፋ ሳንባው ሊቀደድበት ይችላል።

ሁለተኛው አደጋ የማይታይ ነው። ከምንተነፍሰው አየር ውስጥ 78 ከመቶ የሚሆነው ናይትሮጅን ነው። በተለመደው ግፊት ጉዳት የለውም። በጥልቀት ግን በደምና በሥጋ ውስጥ እየሟሟ ይገባል። ጠላቂው ቀስ ብሎ ቢወጣ በትንፋሹ በኩል ይወጣለታል፤ ፈጥኖ ቢወጣ ግን የለስላሳ ጠርሙስ ሲከፈት እንደሚፈላው በሰውነቱ ውስጥ አረፋ ይሆናል። መገጣጠሚያን ያሠቃያል፤ ሽባ ያደርጋል፤ ይገድላልም። ለዚህ በሽታ መፍትሔውን ካገኙት አንዱ ሃልዴን የተባለው የእንግሊዝ አገር ሊቅ ነው። እርሱና ጓደኞቹ ፍየሎችን በግፊት ክፍል ውስጥ አስገብተው ከመረመሩ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1908 ጠላቂ በየትኛው ጥልቀት ምን ያህል ደቂቃ ቆሞ መውጣት እንዳለበት የሚያሳይ ሠንጠረዥ አወጡ። የብዙ ሺህ ጠላቂዎች ሕይወት የተረፈው በፍየሎች ውለታ ነው ማለት ይቻላል፤ ፍየል ጠባቂ የሆኑ ጓደኞቻችን ይህን ሲሰሙ ደስ ሳይላቸው አይቀርም።

እዚህ ላይ ለእኛ ለደገኞች የሚሆን ልዩ ነገር አለ። ከላይ የተናገርነው ሁሉ የተለካው በባሕር ወለል ላይ ነው። ተራራ ላይ ግን አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ባለው በሐይቅ ዳርቻ የአየሩ ግፊት በባሕር ላይ ካለው አራት አምስተኛው ያህል ነው። ስለዚህ በሐይቅ የሚጠልቅ ሰው ግፊቱ በእጥፍ የሚያድግበት 10 ሜትር ሲወርድ ሳይሆን 8 ሜትር ያህል ሲወርድ ነው። ሲወጣም የሚመለሰው ወደ ሳሳው አየር ስለሆነ አረፋው ይበልጥ ያሰጋዋል። ስለዚህ ለባሕር የተሠራው ሠንጠረዥ እንዳለ ቢወሰድ ለእኛ ሐይቆች አይሆንም፤ ለከፍታ ተስተካክሎ መሰላት አለበት። ከዚህ የምንማረው፣ የሌላ አገር ዕውቀት ሲመጣ በአገራችን ሚዛን መመዘን እንደሚያስፈልገው ነው።

፫. የጠላቂዎች ታሪክ በአጭሩ

ሰው ያለ ምንም መሣሪያ መጥለቅ የጀመረው ከጥንት ነው። በቀይ ባሕር በዳህላክ ደሴቶች ዙሪያ ጠላቂዎች ለብዙ መቶ ዓመታት ትንፋሻቸውን ይዘው እየወረዱ ሉል ሲለቅሙ ኖረዋል። በኮርያ አገር በጄጁ ደሴት ደግሞ ሄንዮ የሚባሉ ሴቶች እስከ ዛሬ ድረስ ያለ አየር ታንክ 10 ሜትር ያህል እየጠለቁ የባሕር ምግብ ይሰበስባሉ። ከመካከላቸው ዕድሜያቸው ሰማንያ ያለፈ ይገኙባቸዋል። እናቶቻችን ይህን ሲሰሙ «አይ የሰው ብርታት!» ሳይሉ አይቀሩም።

በ19ኛው መቶ ዓመት ከላይ በቱቦ አየር የሚላክበት የመዳብ ራስ ቁር ያለው ልብስ ተሠራ። ጠላቂው ግን በቱቦው እንደ ታሰረ ነበረ። ከዚህ እስራት የፈቱት ሁለት ፈረንሳውያን፣ ዣክ ኢቭ ኩስቶና ኢንጂነሩ ኤሚል ጋኛን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1943 ጠላቂው በጀርባው ከተሸከመው ታንክ፣ በሚፈልገው ጊዜና በሚፈልገው መጠን አየር የሚሰጥ መሣሪያ ሠሩ። ከዚያ ወዲህ ሰው በውኃ ውስጥ እንደ ዓሣ እየዞረ ማየት ቻለ። በጥር 1960 ዣክ ፒካርና ዶን ዋልሽ ትሪየስት በተባለ መሣሪያ ውስጥ ተቀምጠው በፓሲፊክ ውቅያኖስ ማሪያና በተባለው ሥፍራ 10,900 ሜትር ገደማ ወረዱ። ራስ ዳሽን ተራራ በዚያ ጉድጓድ ውስጥ ቢቀመጥ ከጫፉ በላይ ገና ከ6,000 ሜትር የሚበልጥ ውኃ ይተርፋል።

ከእነዚህ ሥራዎች ብዙዎቹ የተደረጉት በእኛው ጎረቤት በቀይ ባሕር ነው። ኦስትሪያዊው ሃንስ ሃስ በ1949 እና በ1950 በፖርት ሱዳን አጠገብ ጠልቆ የሠራው ፊልም በዓለም ታወቀ። ጣልያናዊው ፎልኮ ኩዊሊቺ በዳህላክ ደሴቶች ከተደረገ ጉዞ ያገኘውን ባለቀለም ፊልም በ1954 አወጣ። ኩስቶም በ1963 በሱዳን ጠረፍ ሻብ ሩሚ በተባለ ሥፍራ 10 ሜትር ከውኃ በታች ቤት ሠርቶ ሰዎቹ አንድ ወር ያህል ኖሩበት። ቀይ ባሕር ለእነዚህ ሰዎች ትልቅ ትምህርት ቤት ነበረ።

፬. ከውኃ በታች ምን ይገኛል?

አንዳንድ ሰው «ይህ ሁሉ ድካም ለምን ይጠቅማል?» ይል ይሆናል። ሦስት ምሳሌ እንሰጣለን።

አንደኛው የሥራ ነው። ጣልያኖች በ1941 ምጽዋን ከማስረከባቸው በፊት መርከቦቻቸውንና ሁለት ተንሳፋፊ የመርከብ መጠገኛዎችን ሆን ብለው በወደቡ ውስጥ አሰጠሙ። እነዚህን ያዩ አንዳንድ ባለሙያዎች «ሊነሡ አይችሉም» ብለው ነበር። በ1942 ኤድዋርድ ኤልስበርግ የተባለ የአሜሪካ የባሕር ኃይል መኰንን ከጥቂት ጠላቂዎችና ከጥቂት መሣሪያ ጋር በምጽዋ ሙቀት ሥራ ጀመረ። ዘዴው ለእኛ ተማሪዎች የሚገባ ነው። ብርጭቆ ተገልብጦ ውኃ ውስጥ ሲገባ አየሩ ውኃውን አላስገባ እንደሚል ሁሉ፣ በሰጠመው አካል ውስጥ በመጭመቂያ አየር ሲነፋበት አየሩ ውኃውን ወደ ታች እየገፋ ያስወጣዋል። ሰዎቹ ቀዳዳውን ሲደፍኑ፣ መጭመቂያው ሲነፋ፣ ትልቁ መጠገኛ ከሁለት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ከባሕሩ ወለል ተነሥቶ ተንሳፈፈ። እኛ በጠርሙስ ያየነው ሕግ በምጽዋ ብዙ ሺህ ቶን ብረት አነሣ።

ሁለተኛው የታሪክ ነው። ከጥንቱ አዱሊስ ወደብ ብዙ በማትርቅ፣ ዛሬ በኤርትራ ግዛት ባለች ብላክ አሳርካ በምትባል ትንሽ ደሴት አጠገብ በአክሱም ዘመን የሰጠመ መርከብ ጭነት ተገኝቷል። የጥንት ታሪክ ተመራማሪዎች በ1995 እና በ1997 ጠልቀው መርምረውታል። ያገኙት ብዙውን ጊዜ ወይንና ዘይት የሚጫንባቸውን እንስራዎች ነው። በቀይ ባሕር ሰሜን ጫፍ፣ ዛሬ ዓቃባ በምትባለው በጥንቷ አይላ የሚሠሩ የዚህ ዓይነት እንስራዎች በራሷ በአክሱም ምድር ተቆፍረው ወጥተዋል። እንግዲህ የአባቶቻችን ንግድ እስከ ምን ድረስ እንደ ነበረ የሚመሰክረው ሐውልትና ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ባሕር የዋጠው እንስራም ይመሰክራል።

ሦስተኛው ምሳሌ ከሁሉ ይልቅ ለእኛ ለወሎዬዎች የቀረበ ነው፤ እርሱም ሐይቅ ነው። የሐይቅ ውኃ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ ጥልቀቱም ከ80 ሜትር በላይ ነው። ሰፊው ጣና እንኳ እጅግ ጥልቅ ሥፍራው 14 ሜትር ያህል ብቻ ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት አቡነ ኢየሱስ ሞዐ የእስጢፋኖስን ገዳምና ትምህርት ቤት ያስፋፉት በዚሁ ሐይቅ ደሴት ላይ ነው፤ ብዙ ሊቃውንት የወጡበት ሥፍራ ነው። ዛሬ ውኃው ስለ ሸሸ ደሴቱ ከየብስ ጋር ተያይዟል። የአካባቢው ሽማግሌዎች ሐይቁ እንዴት እንደ ተፈጠረ ሲተርኩ፣ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ስለ ተበደለች እግዚአብሔር ተቆጥቶ ምድሪቱን ውኃ እንዳደረጋት፣ ሴቲቱ የተቀመጠችበት ሥፍራ ብቻ ደሴት ሆኖ እንደ ተረፈ ይናገራሉ። ትረካው የተበደለ ሰው እንባ ከንቱ እንደማይቀር የሚያስተምር ነው።

የሐይቁ ወለል ግን ሌላም ትረካ ይዟል። በየዓመቱ ጎርፍ የሚያመጣው አፈርና በውኃው ውስጥ የሚፈጠረው የኖራ ዝቃጭ እንደ መጽሐፍ ገጽ በላይ በላይ ይደራረባል። ተመራማሪዎች ረዥም ቧንቧ ወደ ወለሉ ሰክተው ይህን ጭቃ ሳይደባለቅ ያወጡታል። ከዚያም በኖራው ውስጥ ያለውን የኦክስጅን ዓይነት በመለካት በየትኛው ዘመን ዝናብ በዝቶ፣ በየትኛው ዘመን ድርቅ ጠንቶ እንደ ነበረ ያነብባሉ። ከሐይቅ ወለል በወጣው ጭቃ ላይ የተጻፈና በ2007 የታተመ አንድ ጥናት የ2,000 ዓመት የአየር ጠባይ ታሪክ አግኝቷል። በዚያው ዓመት የታተመው የጣና ጥናት ደግሞ፣ ከ17 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ያ ሰፊ ጣና ራሱ ደርቆ እንደ ነበረ አሳይቷል።

ወላጆቻችን ሆይ! ይህ ለወሎ ሕዝብ ተራ ወሬ አይደለም። የ1966ቱንና የ1977ቱን ዓመተ ምሕረት ረኃብ ያዩ በዚህ አዳራሽ ተቀምጠዋል። እኛ የሰማነው ከእናንተ አፍ ነው። በዚሁ በቀበሌያችን ያለው የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ዝናብ ሲያጥር የሚችል የማሽላ ዘር ለማግኘት የሚደክመው ያ ዘመን እንዳይመለስ ነው። ድርቅ በምን ያህል ዘመን እንደሚመላለስ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው የሰው ትዝታ አይበቃውም፤ መቶ ዓመት እንኳ አይሞላምና። የሁለት ሺህ ዓመቱ መዝገብ ያለው ከሐይቁ ወለል ላይ፣ በጭቃው ውስጥ ነው። እንግዲህ ከውኃ በታች ያለውን መመርመር የእንጀራ ጉዳይ ነው። ይህን መጽሐፍ እስከ ዛሬ ያነበቡት በብዛት ከሌላ አገር የመጡ ሊቃውንት ናቸው። ነገ ከእኛ መካከል አንባቢ እንዲነሣ እንመኛለን።

፭. ስለ ወንዞቻችን

አሁን ወደ ጀመርንበት ወደ ክረምቱ ወንዝ እንመለስ። የዓለም የጤና ድርጅት በ2024 ባወጣው ዘገባ መሠረት በ2021 ብቻ በዓለም 300,000 ያህል ሰዎች በውኃ ሰጥመው ሞተዋል። ከ5 እስከ 14 ዓመት ላሉ ልጆች መስጠም ከሞት ምክንያቶች ሁሉ ሦስተኛው ነው። ከአሥሩ ዘጠኙ የሞቱት እንደ እኛ ባሉ ባልበለጸጉና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው።  ብዙዎቹን የወሰዳቸው ወንዝ፣ ኩሬ፣ ጉድጓድ ነው።

የእኛ ወንዞች ጠባያቸው የታወቀ ነው። በቆላው ፀሐይ እየወጣ ሳለ ከተራራው ላይ ዝናብ ይዘንባል፤ ጠዋት በድንጋይ የተሻገርነው ወንዝ ከሰዓት በኋላ በደራሽ ይሞላል። «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የተባለው ለዚህ ነው። ስለዚህ ከተማርነው ጥቂቱን፣ ታናናሾቻችን እንዲይዙት፣ እዚህ ላይ እንዘረዝራለን።

አንደኛ፦ ጥልቀቱንና ወለሉን ወደማታውቀው ውኃ በራስህ አትዝለል። የደፈረሰ ውኃ ድንጋይ ይሸሽጋል፤ የተሰበረ አንገትም አይጠገንም። የኦሊምፒክ ዘላዮች የሚዘልሉበት ገንዳ ከ10 ሜትሩ መድረክ በታች 5 ሜትር ያህል ጥልቀት እንዲኖረው የተደረገው በከንቱ አይደለም።

ሁለተኛ፦ የሞላ ወንዝ እስኪጎድል ቆመህ ጠብቅ። ከትምህርት ቤት መዘግየት ከቤት ለዘለዓለም ከመቅረት ይሻላል። መምህራኖቻችንም በክረምትና በበልግ ወንዝ ሞልቶበት የዘገየውን ተማሪ በርኅራኄ እንዲያዩልን እንለምናለን።

ሦስተኛ፦ ሰው ሲሰጥም ብታይ ዋና ሳትችል ዘለህ አትግባ። የሚሰጥም ሰው ያገኘውን አንቆ ስለሚይዝ በአንድ ፈንታ ሁለት ይሞታል። በምድር ላይ ተኝተህ ረዥም ዱላ፣ ጋቢ ወይም ገመድ ዘርጋለት። ይህ ካልደረሰ ባዶ ጀሪካን ክዳኑን ግጥም አድርገህ በገመድ አስረህ ወርውርለት። አየር የሞላበት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሰውን ደግፎ ያንሳፍፋል፤ ይህም በምጽዋ መጠገኛውን ያነሣው ያው ሕግ ነው።

አራተኛ፦ ብቻህን አትዋኝ። ይህ በዓለም ዙሪያ ያሉ ብዙ ጠላቂዎች የሚጠብቁት ሕግ ነው። ታንክና መሣሪያ የተሸከመ ጠላቂ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ጓደኛ አይወርድም፤ እርስ በርስም አየር መካፈልን ይለማመዳሉ።

፮. ልመናችን

ንግግራችንን ከመፈጸማችን በፊት ሦስት ልመና እናቀርባለን።

የመጀመሪያው ለትምህርት ቤታችን ነው። በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሩጫ፣ እግር ኳስና መረብ ኳስ እንማራለን፤ ዋናም እንዲጨመር እንለምናለን። የሲሚንቶ ገንዳ ዛሬ እንዲሠራ አንጠይቅም። ደረት የማይደርስ፣ ውኃው የጠራና የሚለዋወጥ አንድ ትንሽ ኩሬ፣ ዋና የሚያውቅ መምህርና ዳር የሚቆም ገመድ ያዥ ቢኖር ለመጀመሪያው ትምህርት ይበቃል። በዚያ የሚማረውም መንሳፈፍ፣ ትንፋሽን መቆጣጠርና ወደ ዳር መድረስ ነው። ይህን የተማረ ልጅ ሻምፒዮን ባይሆንም ወደ እናቱ ይመለሳል።

ሁለተኛው ለወላጆቻችን ነው። ብዙዎቻችሁ ልጅ ወደ ውኃ እንዳይጠጋ በመከልከል ትጠብቁናላችሁ። ፍቅራችሁ ነውና እናመሰግናለን። ነገር ግን የተከለከለ ልጅ ተደብቆ ይሄዳል፤ ተደብቆ የሄደም የሚያወጣው የለውም። ይልቁንም አዋቂ ባለበት እንድንማር ፍቀዱልን። ሴቶች ልጆቻችሁንም ከዚህ አታውጧቸው። ውኃ የሚቀዱት፣ ልብስ ይዘው ወደ ወንዝ የሚወርዱት ከሁላችን ይልቅ እነርሱ ናቸውና ዋና ማወቅም ከሁላችን ይልቅ ለእነርሱ ይገባል። በየመሻገሪያውም አንድ ረዥም ገመድና አንድ ባዶ ጀሪካን በዛፍ ላይ ተሰቅሎ ቢቀመጥ ወጪው ከአንድ ዶሮ ዋጋ አይበልጥም።

ሦስተኛው ከእኛ በኋላ ለሚመጡት ተማሪዎች ነው። እኛ በዚህ ዓመት ትምህርታችንን ጨርሰን እንበተናለን። ወደ ሐይቅ የሚደረግ የጉብኝት ጉዞ ሲኖር፣ ገዳሙን ተሳልማችሁና ውበቱን አድንቃችሁ ብቻ አትመለሱ። በየሜትሩ ቋጠሮ የታሠረበት ገመድና ድንጋይ ይዛችሁ፣ ከባለ ታንኳዎቹ ጋር ተስማምታችሁ፣ ከዳር ወደ መካከል እየሄዳችሁ ጥልቀቱን ለኩ። በየጊዜው የለካችሁትን በአንድ ደብተር ጻፉና ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ስጡ። ውኃው ከዓመት ዓመት ይሸሽ ወይም ይሙላ እንደሆነ ከደብተራችሁ ይታወቃል። የምርምር መጀመሪያው ይህን የመሰለ ነው። ታላላቅ መሣሪያዎች የሚመጡት በገመድና በድንጋይ መለካት የጀመረ ሰው ሲኖር ነው።

ክቡራትና ክቡራን፤ የምድራችን ገጽ ከአሥር እጅ ሰባቱ በውኃ የተሸፈነ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ሰው ያየው እጅግ ጥቂት ነው። ከተራራ የተወለድን ብንሆንም ከዚህ ዕውቀት ድርሻ አለን። ጥልቁን የምንፈልገው አስቀድመን ከደጃችን ወንዝ በሕይወት መሻገር ስንችል ነው፤ ስለዚህ ዋናውን ዛሬ፣ ምርምሩን ነገ እንጀምር እንላለን።